የውኃ መሳቢያ ሞቶርን በሪሌ ስለ ማስነሣት

በመስኖ የሚለማ እርሻ ፍሬ የሚሰጠው ውኃው በሚፈለግበት ሰዓትና በሚፈለገው መጠን የደረሰለት እንደሆነ ነው። ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ዳር ውኃ ስቦ ወደ ከፍተኛ ቦታ የሚያወጣው ሞቶር በመካከሉ ቢቆም፣ የሽንኩርቱና የቲማቲሙ ተክል በጥቂት ቀን ፀሐይ ይጠወልጋል። ሞቶሩ ያለ ጠባቂ ሲሠራ አድሮ የውኃ መግቢያው ቢጎድል ደግሞ፣ ፓምፑ በባዶው እየተሽከረከረ ይበላሻል። ስለዚህ ሞቶሩ በራሱ የሚነሣበትንና የሚቆምበትን ሥርዓት ማወቅ ለባለእርሻውም፣ ለመስኖ ሥራ ኃላፊውም፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛውም የሚጠቅም ነው።

ሞቶር ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር በቀጥታ ሲገናኝ፣ በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ የሚሆን የኤሌክትሪክ ፍሰት ይስባል። በዚህም ምክንያት የጎረቤት መብራት ይደበዝዛል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለውም ውኃ በድንገት ተገፍቶ መጋጠሚያዎቹን ይመታል። ይህን ጉዳት ለማስቀረት የሚያገለግለው መሣሪያ ሠራተኞች ድራይቭ ወይም ኢንቨርተር የሚሉት የሞቶር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው። ድራይቭ ከመስመሩ የተቀበለውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ ይህንንም በካፓሲተሮች ውስጥ ያጠራቅማል፤ ከዚያም በተፈለገው ሄርዝ እንደገና ተለዋዋጭ አድርጎ ለሞቶሩ ይሰጣል። በ50 ሄርዝ በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር የሚጠጋ ሞቶር፣ በ40 ሄርዝ ወደ 1,200 ዙር ይጠጋል። ፓምፕ ፍጥነቱ ወደ ከመቶ 80 ሲወርድ የሚፈልገው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ነገር ግን ውኃው ወደ ከፍታ የሚወጣ በሆነ ጊዜ ቁጠባው ከዚህ ያንሳል፤ ፍጥነቱ ከልክ በላይ ዝቅ ቢል ፓምፑ እየዞረም ቢሆን ውኃ ላያደርስ ይችላል።

ሪሌ ምንድን ነው?

ሪሌ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ነው። በውስጡ ጥቅል ሽቦ አለ፤ ጥቅሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ እንደ ማግኔት ሆኖ አንዲት ትንሽ ምላስ ይስባል። ምላሷም አንዱን መገናኛ ስትዘጋ ሌላውን ትከፍታለች። የጥቅሉ ሽቦና የመገናኛዎቹ ሽቦ እርስ በርሳቸው ስለማይነካኩ፣ በአንድ በኩል ያለው ትእዛዝ በሌላ በኩል ያለውን መሣሪያ ሳይጎዳ ያዝዛል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ሪሌውን ወይም ኮንታክተሩን በድራይቩና በሞቶሩ መካከል ማስገባት ነው። ሞቶሩ እየሠራ ሳለ ይህ መስመር ቢቆረጥ ድራይቩ ሊበላሽ ይችላል። ወደ ድራይቩ የሚገባውን ዋና መስመር በየጊዜው እየዘጉና እየከፈቱ ሞቶሩን ማስነሣትም ካፓሲተሮቹን ያደክማል። ትክክለኛው መንገድ ዋናው መስመር ሳይቋረጥ የመነሣትና የመቆም ትእዛዝ ብቻ በድራይቩ የትእዛዝ ማሰሪያ በኩል እንዲገባ ማድረግ ነው።

ሽቦው የሚያያዝበት ሥርዓት

ውኃ ከሐይቅ ወደ ኮረብታ ላይ ማጠራቀሚያ የሚወጣበትን እርሻ ለምሳሌ እንውሰድ። በማጠራቀሚያው ውስጥ ውኃው ሲጎድል የሚዘጋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ይደረጋል። በውኃ መግቢያው ዘንድም በቂ ውኃ እስካለ ድረስ ተዘግቶ የሚቆይ ሁለተኛ ተንሳፋፊ ይኖራል። እነዚህ ሁለቱና ሳይነካ ተዘግቶ የሚኖር የማቆሚያ ቁልፍ በአንድ መስመር ተከታትለው ከሪሌው ጥቅል ጋር ይያያዛሉ። ለዚህ መስመር 24 ቮልት መጠቀም የተሻለ ነው፤ በእርጥብ ቦታ የሚዘረጋ ሽቦ ስለሆነ አደጋው ያነሰ ይሆናል። በዚህ አኳኋን ከሦስቱ አንዱ ቢከፈት፣ ወይም ሽቦው በእንስሳ እግር ቢበጠስ፣ ሪሌው ይለቅቃል፤ ሞቶሩም ይቆማል። ብልሽት ሲደርስ ሥራው ወደ መቆም እንጂ ወደ መነሣት እንዳያደላ ማድረግ የዚህ ሥርዓት ዋና ሐሳብ ነው።

ከሪሌው መገናኛ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከድራይቩ የ24 ቮልት መውጫ፣ ሌላው ከመነሻ ትእዛዝ ማሰሪያው ጋር ይታሰራሉ። በአንዳንድ ድራይቭ ትእዛዙ የሚሰጠው ከ24 ቮልቱ ጋር በማገናኘት ሳይሆን ከዜሮው ጋር በማገናኘት ስለሆነ፣ የመሣሪያውን መጽሐፍ መመልከት ግድ ነው። በዚህ ማሰሪያ ላይ የ220 ቮልት ሽቦ ያሳረፈ ሰው ድራይቩን በአንድ ቅጽበት ያቃጥለዋል። የትእዛዙ ሽቦ ከሞቶሩ ወፍራም ሽቦ ርቆ ይዘርጋ፤ መሻገር ግዴታ ከሆነ ቀጥ ባለ ማዕዘን ይሻገር። አለዚያ የሐሰት ትእዛዝ ሊገባበት ይችላል።

ሽቦው በትክክል ታስሮ ሞቶሩ አልነሣ ሲል ብዙዎች ሪሌውን ይወቅሳሉ። ነገር ግን ድራይቩ ትእዛዝ የሚቀበለው በፊቱ ካሉት ቁልፎች እንዲሆን ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከማሰሪያው እንዲቀበል መለወጥ አለበት። እንደዚሁም የመነሣት ትእዛዝና የፍጥነት ልክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ከተተወ ሞቶሩ ተነሥ ቢባልም አይዞርም።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ

በተንሳፋፊ የሚታዘዝ ሪሌ መብራት ሲመለስ ማጠራቀሚያው ጎድሎ ከሆነ ወዲያው ይዘጋል፤ ሞቶሩም ማንም ሳይነካው ሊነሣ ይችላል። በዚያ ሰዓት እጁን ከፓምፑ መጋጠሚያ ያስገባ ሰው አካሉን ወይም ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ በቦታው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይለጠፍ። ጠባቂ ባለበት እርሻ የሚሻለው በማስነሻ ቁልፍ መጠቀም ነው፤ የሪሌው ሌላ መገናኛ ከማስነሻው ቁልፍ ጎን ለጎን ሲታሰር፣ ሪሌው አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ራሱን ይዞ ይቆያል። መብራት ከጠፋ ግን ይለቅቃል፤ ሰው ዳግመኛ ካልተጫነውም አይነሣም።

ሪሌው ስለ ለቀቀ ብቻ መሣሪያው ሞቷል ብሎ ማመን አይገባም። ለጥገና ሲሆን ዋናው ማብሪያ ጠፍቶ ይቆለፍ፤ በመጽሐፉ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜም ይፈጸም። በ380 ቮልት የሚሠራ ድራይቭ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ500 ቮልት በላይ ያጠራቅማልና ለደቂቃዎች ገዳይ ሆኖ ይቆያል። የመሬት ሽቦም ሳይታሰር ሥራ አይጀመር።

የከፍታው ጉዳይ

ድራይቭ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩ በሳሳ መጠን ሙቀቱ አይወጣለትም። አብዛኞቹ ድራይቮች የተጻፈላቸውን ልክ የሚሸከሙት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ ከመቶ 1 ያህል መቀነስ የተለመደ ነው። በዚህ ስሌት በዝዋይ ሐይቅ ዳር ከመቶ 6 ያህል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባሉት በአዲስ አበባና በአስመራ አካባቢ ከመቶ 13 ያህል ይቀነሳል ማለት ነው። ስለዚህ የደጋ ገበሬ ድራይቭ ሲገዛ ከሞቶሩ ልክ ከፍ ያለውን ይምረጥ።

በመጨረሻም ሥራው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ፓምፑ ወደ እርሻው ከመለቀቁ በፊት ይፈተን። የማጠራቀሚያው ተንሳፋፊ በእጅ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ የውኃ መግቢያው ተንሳፋፊ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ሞቶሩ መቆሙ ይታይ፤ የማቆሚያው ቁልፍም ይሞከር፤ መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ የሚሆነውም ይመርመር። ይህ ፈተና ብዙ ጊዜ የማይወስድ ሲሆን፣ የአንድ ወቅት አዝመራንና የሰውን ሕይወት ይጠብቃል።