ከኋላው ምን ይቀጠልበት?

ቦንጋ ጋራዤ ድረስ መጥቶ «ለጓሮዬ ትንሽ ትራክተር ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት አይደለም። «በየት በኩል ታስገባዋለህ?» እለዋለሁ። ያደግሁት ማንኪራ ስለሆነ የአካባቢውን ግቢ አውቀዋለሁ። ከቤቱ ጀርባ እንሰት አለ፣ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡና፣ በቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ከዚያ ወዲያ ጫካ ነው። አርሲና ባሌ ስንዴ የሚያርሰውን ግዙፍ ትራክተር እዚህ መሐል ማዞር ቀርቶ ማስገባቱም ጣጣ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጓሮ የሚመጥነው ከኋላ እየተከተሉ የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለው፤ ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ብዙዎቹ በማኖቬላ ይነሳሉ። ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ማሽን በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ሲሞክረው ለመዝራት፣ ለመፈልፈልና ለማጓጓዝ ጭምር ነበር። ልክ ነበሩ። ለማረስ ብቻ ከተገዛ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ቆሞ ይከርማል።

ለነገሩ ማንኪራ ውስጥ የሚታረሰው ምን ያህሉ ነው? ቡና ምግቡን የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙት በላይኛው የአፈር ንጣፍ፣ 30 ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ጥልቀት ውስጥ ነው። በቡና ግንድ ዙሪያ የሚሽከረከር ማረሻ የነዳ ሰው የገዛ ምርቱን ሥር ይቆርጣል። የቡናውን አረም በማጭድ ማጨድ ይበቃል። ጫካውማ፣ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ በትራክተር የሚሰፋ ጓሮ አይደለም። የሚታረሰው የበቆሎውና የአትክልቱ ቦታ ነው። እሱም ቢሆን ቀዩ አፈር ሲጨበጥ እንደ ሊጥ የሚያያዝ ከሆነ ይቆይ፤ ርጥብ አፈር ሲታረስ ይጠቀጠቅና ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አይተው «ልጄ፣ ማረሱን ተወውና ቡናዬን ያወርድልኛል?» አሉኝ። እኔም ሁሉም እንዲህ ቢጠይቀኝ እወዳለሁ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ቡና ይለቀማል፤ ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ ሳያድር መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ካደረ መብላላት ይጀምራል። «አዎ አባቴ፣ ያወርዳል፤ ግን ፍሬን ያለው ተሳቢ ይግዙ» አልኳቸው። ተሳቢው ሲፈታ ደግሞ ሞተሩ በቺንጊያ የውኃ ፓምፕ ወይም የበቆሎ መፈልፈያ ያንቀሳቅሳል።

ቁልቁለቱ ግን የራሱ ሕግ አለው። ሜዳ ላይ የቀኙን እጀታ መያዣ ስትጨብጠው የቀኙ ጎማ ከሞተሩ ይላቀቅና ማሽኑ ወደ ቀኝ ይዞራል። ቁልቁል ስትወርድ ያው መያዣ ወደ ግራ ይወስድሃል! ምክንያቱም የተለቀቀው የቀኝ ጎማ በነጻ ይንከባለላል፣ ሞተሩ የያዘው የግራው ደግሞ ወደኋላ ይቀራል። ሜዳ ላይ የተማረ ሹፌር የእኛ አገር ቁልቁለት ላይ ገደል የሚገባው በዚህ ነው። ቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ ይግባ፣ ፍሪሲዮኑ አይነካ፣ መሪው በክንድ ይገፋ።

ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ባለ አራት ጎማውን ትንሽ ትራክተር ሊገዛ ይችላል። ያኔ የሚያሳስበኝ ጉቶ ነው። ጉቶ ለመንቀል ሰንሰለቱን ከኋላው አክስል በላይ ያሰረ ሰው የትራክተሩን አፍንጫ ወደ ሰማይ ያስነሳል፤ ጉቶው እምቢ ሲል ትራክተሩ በገዛ ጎማው ዙሪያ ተጠቅልሎ ሹፌሩ ላይ ይወድቃል። የድሮ ትራክተሮች ማረሻቸው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ እንዲሁ ይገለበጡ ነበር። ማሴ ፈርጉሰን ላይ ስሙን የምናነበው ሃሪ ፈርጉሰን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የማረሻውን ማያያዣ ለውጦ ትልቁን መፍትሔ ያመጣው ለዚህ ነው። ሰንሰለት ሁልጊዜ ከታች ካለው መጎተቻ ላይ ይታሰር።

ጋቢ ለብሶ፣ ከትራክተሩ ኋላ መሣሪያ ለማንቀሳቀስ የሚሽከረከረው ዘንግ አጠገብ የሚቆምም አይቻለሁ። የባለ አራት ጎማው ዘንግ የተለመደ ፍጥነት በደቂቃ 540 ዙር ነው፤ በሰከንድ ዘጠኝ ማለት ነው። የጋቢውን ጫፍ ከያዘ «አጥፉት!» ብሎ ለመጮኽ እንኳ ጊዜ የለም። ዘንጉ ሽፋን ከሌለው ሞተሩ ባይነሳ ይሻላል።

የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ በ2011 ዓ.ም. ስለተፈቀደ ፈላጊው በዝቷል፤ ነገር ግን ገዢ ሁሉ ስለ ማሽኑ ዋጋ እንጂ ስለ መለዋወጫ አይጠይቅም። ቢያንስ የቺንጊያ ቅያሪ አብሮ ይገዛ። አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ባንድ ላይ ይቀየሩ፤ አዲሱ ለብቻው ከተለጠጡት አሮጌዎች ጋር ከገባ ጭነቱን ሁሉ እሱ ይሸከምና ቶሎ ያልቃል።