ሰፈር ሲፈርስ እድር ወዴት ይሄዳል?

በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የጠዋት ቡና ሲፈላ ወሬው ከየት እንደሚጀምር አይታወቅም፤ የሚያልፍባቸው ጉዳዮች ግን የታወቁ ናቸው። ውሃ የሚመጣበት ቀን፣ የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የተቃጠለው የጎረቤት ማቀዝቀዣ፣ ሥራ ያጣው ወጣት፣ የታመመችው እናት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሁሉንም ቀድሞ ይነሳል፤ "እኛም እንነሳ ይሆን?" የሚል።

ይህን ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል። ቤቱ ቢፈርስ ምትክ ቤት ወይም ምትክ ቦታ ይገኝ ይሆናል። ለሠላሳና ለአርባ ዓመታት በየወሩ መዋጮ የተከፈለበት እድርስ ምን ይሆናል? ሞት ሲመጣ ማን ድንኳን ይተክላል? ማንስ ይቀብራል?

ለሩቅ ተመልካች ይህ ከግንባታና ከካሳ ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ጭንቀት ሊመስል ይችላል። ለነዋሪው ግን ሰፈር ማለት ቤቱ ብቻ ሳይሆን በችግር ቀን በር የሚያንኳኳው ሰው ጭምር ነው። እድር ደግሞ የዚህ መተማመን በመዝገብ የሰፈረ መልክ ነው።

ከቡና ወሬ እስከ እድር መዝገብ

የሰፈር ወሬ ብዙ ጊዜ እንደ ዋዛ ይቆጠራል። ነገር ግን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ዋነኛው የመረጃ መንገድ ነው። የትኛው ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ፣ የት ርካሽ ክፍል እንደሚከራይ፣ የትኛዋ አራስ ጠያቂ እንደሌላት የሚታወቀው በዚሁ ወሬ ነው። ባለሱቁ በዱቤ ደብተሩ ላይ ስም የሚመዘግበው የሰውየውን ቤትና ቤተሰብ ስለሚያውቅ ነው። የጉሊት ነጋዴዋ ልጇን ለጎረቤት ትታ የምትወጣውም በዚሁ መተዋወቅ ተማምና ነው።

ይህ መተዋወቅ በሁለት ተቋማት ሥርዓት ይይዛል። አንደኛው አባላት በየተራ ገንዘብ የሚወስዱበት እቁብ ነው። ሁለተኛው እድር ነው። እቁብ ዙሩ ሲያልቅ ሊበተን ይችላል። እድር ግን የሚመሠረተው እንዳይበተን ታስቦ ነው፤ አባሉ ዛሬ የሚከፍለው መቼ እንደሚደርስ ለማያውቀው ቀን ነውና።

እድር እንዴት ይሠራል?

አንድ የሰፈር እድር ብዙውን ጊዜ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና የተመረጡ አመራሮች አሉት፤ ሰብሳቢ ወይም ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። አባላት በየወሩ የተወሰነ መዋጮ ይከፍላሉ። በአባሉ ወይም በደንቡ በተዘረዘሩ ቤተሰቦቹ ላይ ሞት ሲደርስ እድሩ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። የሚሰጠው መጠን እንደ ዝምድናው ቅርበት ይለያያል።

ገንዘቡ ግን የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና አግዳሚ ይደረድራል፣ ብረት ድስቱንና ሳህኑን ከዕቃ ቤት ያወጣል። ሴቶች፣ ብዙ ጊዜም በራሳቸው የሴቶች እድር ተደራጅተው፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ እንጀራና ወጥ ያዘጋጃሉ። አባላት ቀብር ይሸኛሉ፣ ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጣሉ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። በብዙ ሰፈሮች የሞቱን ዜና ማለዳ የሚያውጀው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበር።

ቅጣቱ ብዙ የሚናገረው ነገር አለ። ሐዘንተኛ ቤት መገኘት በእድር ዓይን በጎ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው። ሀብታም መዋጮውን ከፍሎ ሊቀር አይገባም፤ ድኻም መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ ቀብሩ ሰው አያጣም። በብዙ ሰፈሮች ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶች በአንድ እድር ታቅፈው የየሃይማኖታቸውን ሥርዓት እያከበሩ ሲቀባበሩ ኖረዋል።

የኢኮኖሚ ተመራማሪው ስቴፋን ደርኮንና አሉላ ፓንክረስትን ጨምሮ ባልደረቦቹ፣ በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የሚገኙ የቀብር መረዳጃ ማኅበራትን አጥንተው እ.አ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እነዚህ ማኅበራት በአግባቡ የሚሠሩ የመድን ተቋማት መሆናቸውን አሳይተዋል። ለመድን ድርጅት ፈታኝ የሆነው ነገር፣ ማለትም ማን እውነት እንደሚናገርና ማን እንደሚከፍል ማወቅ፣ ለጎረቤት ቀላል ነው። የእድር ጥንካሬ ከዚህ ይመነጫል፤ ሰፈር ሲበተን የሚጋለጠው ድክመቱም ከዚሁ ነው።

የከተማ ልጅ

እድር ጥንታዊ የሚመስል ነገር ግን በአብዛኛው ከከተማ ሕይወት ጋር ያደገ ተቋም ነው። አመጣጡ ላይ ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ የላቸውም። ከፊሎቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ከመጡ የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። ሌሎች በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው መከራ እንደተስፋፋ ይገልጻሉ። የሚያስማማው ነጥብ፣ ከዘመድ ርቆ ከተማ የገባ ሰው በዘመድ ፈንታ ጎረቤትን መያዙ ነው።

የሰፈሮቹ አመሠራረትም ለዚህ የተመቸ ነበር። "ሰፈር" የሚለው ቃል ራሱ መስፈርን፣ አንድ ቦታ መቀመጥን ያስታውሳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ባለ ሀብቱና አገልጋዩም ጎን ለጎን ኖሩ። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ስሞች የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው። ካዛንቺስ ደግሞ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በርካታ የመሐል ከተማ ነዋሪዎች በአነስተኛ ኪራይ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ሆኑ። ቤቶቹ እያረጁ ቢሄዱም ኪራዩ ዝቅተኛ ስለነበር ብዙ ሰው ሳይንቀሳቀስ ቆየ። በአንድ ጓሮ ሁለትና ሦስት ትውልድ አደገ። እድሮቹም አብረው ሥር ሰደዱ።

ሥራቸውም ከቀብር አልፎ ሰፋ። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ/ኤድስ ሞትን ባበዛበት ወቅት የብዙ እድሮች ካዝና ተራቆተ። ይህን ተከትሎ አንዳንዶቹ ሕሙማንን መጠየቅና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰዎች እንዳይሰባሰቡ ሲከለከል ደግሞ ድንኳንና ንፍሮ ቀርተው ገንዘብ ብቻ የሰጡ እድሮች ነበሩ። በሁለቱም ጊዜ እድሩ ራሱን ለውጦ ቆየ። አባላቱ አንድ ሰፈር ነበሩና።

ሰፈሩ ሲነሳ

በመሐል ከተማ ነዋሪዎችን ማንሳት አዲስ አይደለም። ልደታ፣ ሰንጋ ተራና አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ ሰፈሮች ቀደም ባሉት ዓመታት ፈርሰዋል። የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ ግን ፍጥነቱም ስፋቱም ጨመረ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ በሰፊው ፈረሱ። ነዋሪዎች እንደ ገላን ጉራና ቦሌ አራብሳ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ።

መንግሥት ሥራው ከተማዋን ጽዱና ዘመናዊ ያደርጋል፣ ለሰው ልጅ በማይመጥኑ ያረጁ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ዜጎችንም የተሻለ ቤት ያስገኛል ይላል። በእርግጥም የጋራ መጸዳጃ ቤትና የሚያፈስ ጣሪያ የብዙ ነባር ሰፈሮች እውነታ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናልን የመሰሉ የመብት ድርጅቶች በበኩላቸው፣ ነዋሪዎች በቂ ምክክርና ማስጠንቀቂያ ሳያገኙ እንደሚነሱ ገልጸው ተችተዋል።

በዚህ ክርክር መካከል እድር ብዙም ስሙ አይነሳም። አንድ እድር ግን በሰፈሩ መፍረስ ከአባላቱ ሌላ የሚያጣው ነገር አለ። ድንኳንና ድስቱ የሚቀመጡበት የእድር ቤት ራሱ በፈረሳው ውስጥ ነው። አባላቱም የሚሄዱት በእድር ተሰባስበው ሳይሆን በቤት ዓይነት ተለያይተው ነው፤ ባለይዞታው ወደ ምትክ ቦታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ወደ ኮንዶሚኒየም ወይም ወደ ሌላ የቀበሌ ቤት። የግለሰብ ቤት ተከራይና ደባል ደግሞ ኪራይ ወዳገኘበት ይሄዳል።

ሦስት መንገዶች

ሰፈሩ የተነሳበት እድር ፊት በአብዛኛው ሦስት አማራጮች ይቀርባሉ።

የመጀመሪያው እድሩን ከርቀት ማቆየት ነው። አባላት ከሄዱበት ሆነው ይከፍላሉ፣ በወር አንድ ቀን በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። የጥሩምባውን ሥራ ስልክና የቴሌግራም ቡድን ይተካሉ። ችግሩ ርቀቱ ነው። ከከተማዋ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ ላለበት አዛውንት፣ ቀብር መገኘት የቀን ሥራና የቀን ወጪ ይሆናል። በዕለቱ ለሚፈጸም የሙስሊም ቀብር ደግሞ ዜናው ደርሶ ሰው እስኪመጣ ሥርዓቱ ሊያልቅ ይችላል።

ሁለተኛው ሀብቱን ተካፍሎ መበተን ነው። በባንክ ያለው ገንዘብ ለአባላት ይከፋፈላል፣ ዕቃውም ይሸጣል። ይህ ፍትሐዊ ቢመስልም ስሌቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ወጣቱ አባል ድርሻውን ይዞ ሌላ እድር ውስጥ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ለአርባ ዓመት የጎረቤቶቿን ሬሳ የሸኘች አሮጊት ግን ብድሯ የሚመለስበት ጊዜ በደረሰ ሰዓት አበዳሪዋም ተበዳሪዋም ይበተኑባታል። የሚደርሳት ገንዘብ የሸኘቻቸውን ቀብሮች አይቆጥርም።

ሦስተኛው መንገድ በአዲሱ መኖሪያ ሌላ እድር መግባት ነው። ነባር እድሮች አዲስ አባልን የሚቀበሉት ብዙውን ጊዜ በመግቢያ ክፍያ ነው፤ ቀደምት አባላት ያጠራቀሙትን ሀብት እኩል ይጋራልና። አንዳንዶቹ አዲሱ አባል አገልግሎት ከማግኘቱ በፊት የሚቆይበትን ጊዜም ይወስናሉ። ከመፈናቀል ወጪ ጋር ተደማምሮ ይህ ለጡረተኛ ቤተሰብ ከባድ ነው።

በተግባር ብዙ ቤተሰቦች አንደኛውንና ሦስተኛውን ያጣምራሉ። ባል የድሮውን እድር ሳይለቅ ሚስት በአዲሱ ትመዘገባለች። መዋጮው ሁለት ይሆናል፤ ሥጋቱ ግን ይቀንሳል።

ፎቅ ላይ የሚወለድ እድር

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለዚህ ጥያቄ የቆየ ልምድ አለው። ቤቶቹ የተላለፉት በአብዛኛው በዕጣ ስለነበር፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች ከተለያየ ሰፈር የመጡ እንግዶች ነበሩ። ከፊሉ ባለቤት፣ ከፊሉ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ተከራይ ነው። የቡና ጭስ በኮሪደሩ ሲሸት በሩን ከፍቶ የሚገባ የለም፤ መጠራት ያስፈልጋል።

ያም ሆኖ በብዙ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች እድሮች ተመሥርተዋል። ድንኳኑ በሕንፃዎች መካከል ወይም በመኪና ማቆሚያ ላይ ይተከላል። ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ ጎን የተሠሩት የጋራ መገልገያ ቤቶች ለማብሰያና ለስብሰባ ይውላሉ። የሞት ማስታወቂያ በየሕንፃው መግቢያ ይለጠፋል። እንግዶችን መጀመሪያ ያቀራረባቸው የጥበቃና የውሃ ጉዳይ ሲሆን፣ እንደ ጎረቤት ያስተሳሰራቸው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ለቅሶ ነው።

ይህ እድር እንደገና ሊተከል እንደሚችል ያሳያል። ጊዜ መፈለጉንም ያሳያል። መተማመን በአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አይጸድቅም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕግ ጉዳዩን ጨርሶ አልዘነጋውም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚከፈልን ካሳ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳን በስም አንስቷል። ይህም የጎረቤት መለያየት ጉዳት መሆኑን ሕግ አምኗል ማለት ነው።

ሆኖም ካሳው የሚታሰበው ለተነሺው ግለሰብ ወይም ቤተሰብ ነው። የእድር ጥቅም ግን ለየብቻ ሊያዝ የማይችል የጋራ ሀብት ነው። አንድ ሰው ብር ተቀብሎ ቤት ሊከራይ ይችላል፤ ጎረቤት ግን ብቻውን አይመሠርትም።

ለዚህ ነው ስለ መልሶ ማስፈር የሚጽፉ ባለሙያዎች ነዋሪዎች በሚነሱበት ጊዜ የቀድሞ ጎረቤቶች በተቻለ መጠን አንድ ላይ እንዲሰፍሩ የሚመክሩት። ይህ በተደረገበት ቦታ እድሩ ስሙንና መዝገቡን ይዞ ይሻገራል። ከአገር ርቀው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተሞክሮም የሚያስተምረው ይኸንኑ ነው። በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ያቋቋሟቸው እድሮች፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገውን ከባድ ወጪ ይጋራሉ። እድር ርቀትን ይችላል፤ አባላቱ እርስ በርስ መገናኘታቸውን እስካላቋረጡ ድረስ።

በነባሮቹ ሰፈሮች የጠዋቱ ቡና ዛሬም ይፈላል። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይወራል፣ ስለ ውሃ ተራ ይወራል፣ ቀይ ምልክት ስለተደረገበት የጎረቤት አጥርም ይወራል። የእድር መዋጮ ቀን ሲደርስ ደግሞ አባላት እንደ ወትሮው ደብተራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚኖሩ እርግጠኛ ያልሆኑ ሰዎች፣ ማን እንደሚቀብራቸው እርግጠኛ ለመሆን ይከፍላሉ።