ስለ ቤት ኮምፒዩተር መዘግየትና ስለ ማጽዳቱ

በዚህ በቤተ ሰብ ዓምድ ስለ ልብስ አያያዝ፣ ስለ ጓዳ ንጽሕናና ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ በብዙ ቤት በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ዳንቴል ለብሶ የሚኖረውን፣ ነገር ግን ዘገየ ተብሎ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያማርርበትን ኮምፒዩተር በሚመለከት ጥቂት ልንናገር ወደድን። ለዚህም ምክንያት የሆነን ባለፈው ታኅሣሥ ወር አቃቂ ባለ በአንድ የወዳጃችን ቤት ያየነው ነገር ነው።

አቃቂ ለመኪናና ለልዩ ልዩ መሣሪያ እንግዳ የሆነች ስፍራ አይደለችም። የጅቡቲ ምድር ባቡር ያለፈባት፣ አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ የሠራው የራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ. ም. የተመረቀባት፣ ከዚያም ወዲህ ፋብሪካዎች የበዙባት ናት። ይሁን እንጂ ለፋብሪካ የተመቸ አገር ሁሉ ለኮምፒዩተር አይመችም። መሬቱ ጥቁር መረሬ ስለ ሆነ በክረምት እግር ይዞ አልለቅም ይላል፤ በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚመጡትና ወደ ደብረ ዘይት የሚወርዱት ከባድ የጭነት መኪናዎች እየፈጩት እንደ ዱቄት ይበናል። ይህ ትቢያ በመስኮትና በበር ሥር እየገባ በዕቃው ሁሉ ላይ ይሰፍራል። የቤት እመቤቶች ከቁም ሣጥንና ከመደርደሪያ ላይ በየቀኑ ያራግፉታል፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ሆድ የገባውን ግን የሚያየው የለም።

ወዳጃችን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ ከወጡ በኋላ የሕይወታቸውን ታሪክ ለልጆቻቸው ለማቆየት በዚሁ ኮምፒዩተር ሲጽፉ ኖረው፣ ጽሕፈቱ ሳይታተም ከሁለት ዓመት በፊት ዐርፈዋል። ከእርሳቸው በኋላ ኮምፒዩተሩ ለታናሺቱ ልጃቸው ሆነ። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አገር አቀፉ ፈተናም ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ በቤቷ ሆና እጇን ማለማመድ ያስፈልጋታል። እኛ በደረስንበት ዕለት እመቤቲቱ ቡና ሊያፈሉልን ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ ቡናው ወደ ምጣዱ ሲገባ የኮምፒዩተሩን ማብሪያ ተጫነች፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ከእሳት ላይ ሲጣድ ኮምፒዩተሩ ገና ለመነሣት ይታገል ነበር።

በቤቱ የነበረው የእመቤቲቱ የወንድም ልጅ፣ «እትዬ፣ ይህ ዕቃ አርጅቷል፤ ባለሙያውም ሞቷል ብሎን የለም እንዴ? ወይ ፎርማት ይደረግ፣ ወይ ለቆራሌው ይሰጥ» አላቸው። እርሳቸውም፣ «እኔ ምን ዐውቄ፣ ልጄ፤ የጋሼህን ጽሕፈት እንዳታጠፋብኝ እንጂ የመሰለህን አድርግ» ብለው መለሱለት።

እኛ ግን ሁለቱንም ምክር አልወደድነውም። ፎርማት ማድረግ ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ጠቃሚ ሥራ መሆኑን አንክድም፤ ዛሬ ግን ኮምፒዩተር ባስነጠሰ ቁጥር የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ቤቱ ቆሸሸ ተብሎ የቤቱ ሰነድ ሁሉ አብሮ አይቃጠልም። ስለዚህ አስቀድመን ያደረግነው ነገር ቢኖር ፎቶግራፎቹን፣ የተቀዱትን ድምፆችና የወዳጃችንን ጽሕፈት ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ነው። ማንም ሰው ኮምፒዩተሩን ከመንካቱ በፊት ይህን ሊያደርግ ይገባዋል። ይልቁንም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ሊሰበር መቃረቡ ነውና፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ወዲያው መገልበጥ ነው።

በዚህም ላይ ሳለን አንድ ነገር አስደነገጠን። የተገለበጠውን ጽሕፈት በራሳችን ኮምፒዩተር ብንከፍተው በአማርኛ ፊደል ፈንታ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ሆኖ ወጣ። የወንድም ልጅየው ጠፋ ብሎ ደነገጠ፤ እመቤቲቱም ሲኒውን አስቀመጡ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ውስጥ ገብቶ በሁሉ ዘንድ ከመለመዱ አስቀድሞ፣ ቪዥዋል ግዕዝና እርሱን የመሳሰሉት የአማርኛ መጻፊያዎች የፊደሎቻችንን መልክ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ መጻፊያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ጽሕፈቱ ይታወካል። ወዳጃችን የለመዱትን የድሮውን መጻፊያ እስከ መጨረሻው አልተዉትም ነበርና፣ ኮምፒዩተሩ ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ጽሕፈቱ በፍላሽ ተገልብጦ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው አይገኝም ነበር። ፎንቱን ከኮምፒዩተሩ የፎንት ማኅደር አውጥተን አብረን ገለበጥነው፤ ጽሕፈቱንም በማናቸውም ኮምፒዩተር ሳይለወጥ እንዲነበብ በፒ ዲ ኤፍ አስቀመጥነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት በኮምፒዩተር የጻፈ አባት ወይም እናት ያለው ቤት ሁሉ ይህን ልብ ቢል መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ማጽዳቱ ሄድን። ኮምፒዩተሩን በሥርዓት አጥፍተን፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅለን፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነን ወደ ግቢ አወጣነው። የጎኑን ክዳን ስንከፍት ያየነውን መናገር ያሳፍራል፤ ማራገቢያው በግራጫ ትቢያ ተሸፍኖ የተባዘተ ጥጥ መስሏል። ከዓመት ወደ ዓመት ቡናው የሚፈላው፣ ዕጣኑም የሚጤሰው ከጠረጴዛው አጠገብ ስለ ነበረ፣ ጢሱ ትቢያውን አጣብቆ እንደ ሙጫ አድርጎታል። የኮምፒዩተር ልቡ የሆነው ፕሮሰሰር ሙቀት ሲበዛበት እንዳይቃጠል ራሱ ሥራውን ያዘገያል። አቃቂም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነች አየሩ ከባሕር ዳር አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነውና፣ ማራገቢያው በጤናው ቀን እንኳ ሥራው ይከብደዋል።

ያጸዳነው ለስላሳ በሆነ አዲስ የቀለም ብሩሽና በእጅ በሚጨመቅ ትንሽ የጎማ መንፊያ ነው። እጃችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ አስቀድመን ያልተቀባውን የብረት አካል ነካን፤ አየሩ ሲነፋበት ማራገቢያው እየበረረ እንዳይሽከረከር በእንጨት አገድነው። እርጥብ ጨርቅ ፈጽሞ አያስፈልግም። ምንጣፍ የሚጠርገውም የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ብልጭታ ስለሚያመነጭ አይደገፍም። ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን የብረት ሣጥን ግን ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ የሚገድል ኃይል ሊቀር ስለሚችል የቤት ሰው ሊከፍተው አይገባም።

ትቢያው ከወጣ በኋላ ኮምፒዩተሩ ጩኸቱን አቆመ፤ መነሣቱ ግን አሁንም የዘገየ ነበር። የውጩ ቆሻሻ ቢወገድም የውስጡ ቀርቷልና። የድሮ መኳንንት ደጅ ጠኚ በበዛበት ግቢ ጧት ከቤታቸው ለመውጣት እንዴት ይቸገሩ እንደ ነበር አባቶቻችን ያወሩን ነበር። ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ነው። በየጊዜው የተጫነው ፕሮግራም ሁሉ፣ የሙዚቃውም፣ የመነጋገሪያውም፣ የማተሚያውም፣ ማብሪያው በተጫነ ጊዜ ሳይጠራ ተነሥቶ በደጁ ይሰለፋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ብንጫን የሥራ መቆጣጠሪያው ይከፈታል፤ በዚያም ስታርታፕ በሚለው ክፍል የደጅ ጠኚዎቹ ስም ዝርዝር ይገኛል። እኛ አሥራ ዘጠኝ ቈጠርን፤ የሚያስፈልጉት ሦስት ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ዲሴብል በሚለው ትእዛዝ ከደጁ አሰናበትናቸው። ይህ እነርሱን ማጥፋት አይደለም፤ በተፈለጉ ጊዜ ተጠርተው ይመጣሉ። ከቶ የማያገለግሉትን ግን ፈጽመን አራገፍናቸው።

ከነዚህም መካከል ሁለት የቫይረስ ጠባቂዎች ነበሩ። በአንድ በር ሁለት ዘበኛ ቢቆም እርስ በርሳቸው ሲፈታተሹ ይውላሉ፤ ሌባውም በመካከል ያልፋል። በፍላሽ እየተላለፈ ማኅደሩን ደብቆ በቦታው አቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጠው የታወቀው ቫይረስም ተገኘ። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ጠባቂ ታድሶ ሲፈትሽ አስወገደው። ኮምፒዩተርህን በአንድ ጊዜ አፈጥናለሁ እያሉ በኢንተርኔት የሚለፍፉትን ፕሮግራሞች ግን አንባቢዎቻችን ባያስገቧቸው ይሻላል፤ ብዙዎቹ ራሳቸው አዲስ ደጅ ጠኚዎች ናቸው። ዲስኩም ጢም ብሎ ስለ ነበረ ቅርጫቱንና ጊዜያዊ ፋይሎችን ባዶ አደረግን፤ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ሁሉ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ የተሠራ ነው። በሳምንቱ ግን ጥቂት ወጪ እንዲያወጡ መከርናቸው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የነበረው ሀርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ነው፤ የተፈለገውን ለማምጣት መርፌው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ አንድ መዝገብ ቤት ሹም ለየወረቀቱ ደረጃ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ማለት ነው። ኤስ ኤስ ዲ የተባለው አዲሱ ዓይነት የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ወረቀቱ ሁሉ በእጁ ሥር ነው። ራሙንም፣ ማለት ሥራ የሚዘረጋበትን ጠረጴዛ፣ ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 አሳደግነው። የድሮው ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ተገለበጠ። አሮጌውንም እመቤቲቱ በነጠላ ጠቅልለው ከባላቸው ሜዳይ ጋር በሣጥን አኖሩት። የዚያን ዕለት ልጅቱ ማብሪያውን ስትጫን ቡናው ገና አልታጠበም ነበር፤ ከውኃው ሳይወጣ ኮምፒዩተሩ ተነሣ።

ሁለት ነገር ቀርቶናል። መብራት በድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክ ይጎዳልና፣ ዩ ፒ ኤስ የተባለውን ባትሪ ያለው ዕቃ ማስገባት ይገባል፤ አቅም ካልፈቀደም መብራት በሚዋልልበት ሰዓት ማጥፋት ነው። ሁለተኛም፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ እድሳት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. ጀምሮ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ብቻ ደኅናውን ዕቃ ለቆራሌው መስጠት አያስፈልግም፤ ሊኑክስ የተባለው ያለ ዋጋ የሚገኘው ሥርዓት በእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ላይ በቀላሉ ይሠራል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ልጅቱ ፈተናዋን እስክትጨርስ በለመደችው እንድትቆይና ለውጡ በክረምት እንዲሆን ተስማማን።

ስንሰናበት እመቤቲቱ፣ «ይህን ማጽዳት በየስንት ጊዜ ነው የሚደረገው?» ብለው ጠየቁን። በአቃቂ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ ነው አልናቸው። ጥቂት አስበው፣ ከ1911 ዓ. ም. የኅዳር በሽታ ጀምሮ ሰው ሁሉ ቤቱን ጠርጎ ጥራጊውን በሚያቃጥልበት በኅዳር 12 ቀን ቢሆን እንደማይረሳቸው ነገሩን። እኛም ቀኑን ወደድነው፤ ክዳኑ የሚከፈተው ግን ጢሱ ከግቢው ከወጣ በኋላ እንዲሆን ለወንድም ልጅየው አደራ አልን።