ስለ ልብስ ማጠቢያ መኪና የውሃ ልክ

በላይዋ የምትከፈተውን የልብስ ማጠቢያ መኪና የገዙ ብዙ ባለቤቶች የውሃ መምረጫዋን «ከፍተኛ» ላይ አድርገው ይተዉታል። በብዙዎቹ መኪናዎች የተመረጠው ልክ ለማጠቢያውም ለማለቅለቂያውም ስለሚያገለግል፥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። ደግሞም ውሃው ሲበዛ ሳሙናው ይቀጥናል፤ ልብሱም ተንሳፍፎ እድፉን ሳይለቅ ይወጣል።

ውሃ ለመቆጠብ ብለው ገንዳውን በልብስ ጠቅጥቀው ዝቅተኛውን የሚመርጡት ግን ይብሳሉ። መኪናዪቱ የምታጥበው ልብሱን በውሃ ውስጥ በማገላበጥ ነውና፥ ውሃው ሲያንስ ልብስ ከልብስ ተፋትጎ ይሳሳል፤ ሳሙናውም በላዩ ይቀራል።

ስለዚህ አስቀድሞ ልብሱን ሳይጠቀጥቁ መጨመር ነው። እስከ ገንዳው ሲሶ ከሆነ ዝቅተኛው፥ እስከ ግማሽ ከደረሰ መካከለኛው፥ ከዚያ ካለፈ ከፍተኛው ይበቃዋል። ጋቢ ግን በዚህ ልክ አይለካም፤ ደረቁን ጥቂት ቦታ ቢይዝም ውሃ ሲጠጣ ይከብዳልና ለብቻው በከፍተኛው ውሃ ይታጠብ። የቤተ ክርስቲያን ነጠላስ? እኔ እንደሆንሁ በእጅ ቢታጠብ እመርጣለሁ፤ በመኪና ካሉም በመረብ ከረጢት ከትተው ውሃውን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉለት፤ ፈትሉ ስስ ነውና።

የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውሃ በባልዲ የተቀበለ ሰው የወለሉን ማጠቢያ አገኘ።