የእግር ውሃ በማን ሒሳብ?

የገጠር ውሃ ተቋም አዋጭነት ሲሰላ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በአንድ ወገን የቁፋሮው፣ የፓምፑና የቧንቧ ዝርጋታው ወጪ፣ በሌላው ወገን ተጠቃሚው ቦኖ ላይ በጀሪካን የሚከፍለው ሳንቲም። በዚህ ስሌት እንደ ወላይታ ዞን ባለ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ በሰፈረበት፣ የገበሬው ኪስ ባዶ በሆነበት አካባቢ የሚሠራ ተቋም ወጪውን ሲመልስ ማየት ዘበት ነው። ስለዚህም ውሃ የማኅበራዊ አገልግሎት ወጪ ተደርጎ ይያዛል፤ በጀት ሲጠብም ቀድሞ የሚታጠፈው እሱ ይሆናል። እኔ ችግሩን የማየው ገቢው ከተመዘገበበት ቦታ ነው። የውሃው ትልቁ ገቢ በውሃ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ አይገባም፤ በገበሬው የሥራ ቀን ውስጥ ነው ያለው። ወላይታ ደግሞ ይህ ገቢ በቁጥር ከተለካባቸው ጥቂት የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። የተለካውም በአንድ በሽታ፣ በዝሆኔ በኩል ነው።

ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ ትንኝ የምታስተላልፈው አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የኖረ ሰው፣ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳው አልፈው የሊምፍ ቧንቧዎቹን ያቆስሏቸዋል። እግሩ እያበጠ፣ ቆዳው እየሻከረና እየተሰነጣጠቀ ይሄዳል። በአንድ አፈር ላይ ከኖሩት መካከል አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ ጭምር መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ የወላይታ ሕሙማንን ይዞ የተሠራ ነው። መከላከያው ጫማና መታጠብ ነው። ለታመመውም ቢሆን የዕለት ሕክምናው እግርን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ መቀባት፣ ማሰርና ጫማ ማድረግ ነው። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በየቀኑ ተሸክመው ማምጣት የሚጠይቀው ውሃው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ የዳሰሳ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰው 5.46 የሚሆነው በዚህ በሽታ መያዙን አገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የኢኮኖሚ ጥናት ደግሞ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ ካለው የሥራ ቀን 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ የጠፋው ጉልበት 63 ዶላር፣ ቀጥተኛው ወጪ ደግሞ 143 ዶላር እንደሚያወጣ አሰላ። 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለነበረው ዞን በድምሩ በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ በጊዜው ምንዛሬ ከ130 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ። በእኔ ግምት ይህ እንኳ ኪሳራውን ያሳንሰዋል። የሥራ ቀን ሁሉ እኩል ዋጋ የለውምና። ግማሽ ሄክታር በማይሞላ ማሳ የሚኖር ቤተሰብ ዓመቱን የሚወስኑለት በበልጉ ዝናብ የሚዘራባቸውና አረም የሚነቀልባቸው ጥቂት ሳምንታት ናቸው። እግሩ ተቆጥቶ ትኩሳት የያዘው ገበሬ በእነዚያ ሳምንታት አልጋ ላይ ከዋለ የጠፋውን ቀን በጥቅምት ሠርቶ አይመልሰውም።

ይህን ይዘን የውሃ አቅርቦት መለኪያውን እንየው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መለኪያው በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከስድስት በላይ መሆኑ ነው። ጀሪካኑ ሲሞላ ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ የሚሸከሙትም በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከስድስቱ ሦስቱ ብቻ ቤት ሲገቡ ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነው አይነካም፤ የሚቀረው መታጠቢያው ነው። መለኪያው አማካይ ስለሚቆጥር የመጨረሻዋ ጀሪካን ከመጀመሪያዋ የተለየ ሥራ እንደምትሠራ አያይም። ለሁለት እግር በቀን አሥር ሊትር እንበል፤ በዓመት 3.65 ሜትር ኩብ ይሆናል። መታጠቡ ከጠፋው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ብቻ ያድናል ብለን ብንወስድ ከ63 ዶላሩ 12.6 ዶላር ይተርፋል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ ወደ 3.45 ዶላር፣ ያኔ በነበረው ምንዛሬ በጀሪካን 60 ሳንቲም ገደማ። የዚያን ጊዜ የገጠር ቦኖ ክፍያ በጥቂት ሳንቲሞች የሚቆጠር ነበር። የሳሙናውና የቅባቱ ወጪ ከዚህ ይቀነሳል፤ ከ143ቱ ዶላር የሚድነው ግን ገና አልተደመረም።

አንድ አምስተኛ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመው ሙከራ፣ መታጠብን ማዕከል ያደረገው እንክብካቤ የእግሩን መቆጣት በዚያ መጠን ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ውጤቱ ተአምር የሚባል አይደለም፤ የሕመም ድግግሞሽና የሥራ ቀን አንድ ነገር እንዳልሆኑም አውቃለሁ። ሒሳቡ ግን በዚህ ቁጥብ ግምት እንኳ ይቆማል።

ጫማ ማከፋፈል ይበቃል የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አላቸው፤ በልጅነት ሽፍን ጫማ መልመድ ከሁሉም ርካሽ መከላከያ ነው። በረባሶ ግን አፈሩን አያስቀርም፤ የላስቲክ ጫማም ባልታጠበ እግር ላይ ሲጠለቅ አፈሩን ከቆዳው ጋር አብሮ ይዘጋበታል። ያበጠ እግር ደግሞ ገበያ ላይ ልኩን አያገኝም። መቀመጫውን ሶዶ ያደረገው፣ ሞሲ ፉት በሚል ስም የሚታወቀው ማኅበር ለሕሙማን በልካቸው ጫማ ማሠራት የያዘው ለዚህ ነው፤ እሱም ቢሆን ጫማውን ከመታጠብ ነጥሎ አልሰጠም። የኢኮኖሚ ጥናቱ አርጅቷል የሚለው ተቃውሞም ተገቢ ነው። ጫማ ተስፋፍቷል፣ ብር ወድቋል፤ 16 ሚሊዮኑን የዛሬ ዕዳ አድርጎ መጥቀስ ስህተት ይሆናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው አገር አቀፍ የካርታ ሥራ በሽታውን በ345 ወረዳዎች አግኝቶታል፤ ሕሙማኑም በመላ አገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ተገምቷል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ተጨማሪው ውሃ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ተራራው ከተራቆተ ምንጩም ይነጥፋል፤ ፓምፕ መጨመር ብቻ መልስ አይሆንም። የመልሱን ግማሽ ከሶዶ በስተደቡብ ሁምቦ ላይ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ኮረብታ ከልቅ ግጦሽና ከእንጨት ለቀማ ተከልሎ፣ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ሳይተከል ከነባሩ ጉቶ እንዲያገግም ተደረገ። ጥበቃው በገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ነው፤ የዓለም ባንክ ፈንድም ደኑ የሚያምቀውን ካርቦን ገዛቸው። ከሩቅ ያለ ገዢ ለአየር ንብረት ጥቅም ለሁምቦ ገበሬ መክፈል ከቻለ፣ የጤና በጀት ከጎኑ ላለው ቦኖ የማይከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። መንገዱም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው የዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች በአንድ ዕቅድ ተፈራርመዋል፤ የለጋሾች ገንዘብም በጋራ ቋት ይገባል። የጎደለው የቦታ መምረጫው ነው። ዛሬ ቀበሌ ለአዲስ ቦኖ ሲመረጥ የሚታየው የሕዝብ ብዛትና ርቀት ነው፤ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ቤት ለቤት ሊቆጠሩ የሚችሉት የዝሆኔ ሕሙማን ከእነዚህ መመዘኛዎች ጎን አንድ ዓምድ ቢጨመርላቸው፣ ለዚያ ቀበሌ የሚወጣው ወጪ ከፊሉ ከጤናው ድርሻ ሊታሰብ ይችላል።