«አይ» ያለው ሕመምተኛ፦ ከቲያትር መድረክ እስከ ቡታጅራ

አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አስቡ። ሕሙማኑ የቤዝቦል ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማየት እጅ አውጥተው ድምፅ ይሰጣሉ። ዋና ነርሷ ግን ስብሰባው አልቋል ብላ ቴሌቪዥኑን ታጠፋዋለች። እነሱም የጠፋው ስክሪን ፊት ተቀምጠው፣ ጨዋታው ያለ ይመስል በደስታ ይጮሃሉ።

ይህ ትዕይንት ያለው «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» በተባለው ቲያትር ውስጥ ነው። ዴል ዋሰርማን ከኬን ኬሲ ልብ ወለድ ወስዶ የጻፈው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ብሮድዌይ ላይ ታይቷል። አመፁን የሚመራው ማክመርፊ መጨረሻው አያምርም፦ በኤሌክትሪክ ይቀጡታል፣ ኋላም አንጎሉን በቀዶ ሕክምና ነክተው ያደነዝዙታል። (በኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሕክምና ዛሬም አለ። በማደንዘዣ ሲሰጥ ለከባድ ድብርት ይረዳል። የቲያትሩ ጥፋት ሕክምናውን ቅጣት ማድረጉ ላይ ነው።)

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ነገሩን እንዲህ አየዋለሁ። የውሃ ማሞቂያ «በቃ፣ ሞቋል» የሚል ሴንሰር አለው። ይህን መልእክት ግብረ መልስ እንለዋለን። መቆጣጠሪያው መልእክቱን እንደ ስህተት ቆጥሮ ከጣለው ግን ውሃው እስኪፈላ ያሞቃል። በነርስ ራቸድ ክፍልም ሕመምተኛው ሲያማርር፣ ምሬቱ ራሱ የበሽታ ምልክት ተብሎ ይቆጠራል። ታዲያ ከአመፅ ሌላ ምን ቀረው?

እኛ አገር ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ነበረው፦ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። ለረጅም ጊዜ ለአእምሮ ሕክምና ብቻ የቆመው ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። ከ1998 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 68,378 ሰዎች አነጋገሩ። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም።

እዚያው አጠገብ ሶዶ ወረዳ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በቤታቸው በሰንሰለት የታሰሩ ሕሙማን ነበሩ ይላል። ቤተሰቡ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ልጁ እንዳይጠፋ፣ ሰው እንዳይጎዳ ፈርቶ፣ ሕክምናም አጥቶ ነው። አያችሁ፣ ነርስ ራቸድ በሌለችበትም ሰው ሊታሰር ይችላል።

በምህንድስና ሴንሰሩ ከሚለካው ነገር በራቀ ቁጥር መልእክቱ ይዘገያል። ስለዚህ ሕክምናውን ማቅረብ አንዱ መፍትሔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚመራው የቡታጅራ ክሊኒክ ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል።

መቅረቡ ብቻውን ግን አይበቃም። መድኃኒቱ እንቅልፍ ሊያበዛ፣ ሰውነት ሊያደርቅ፣ ክብደት ሊጨምር ይችላል። የምታውቁት ሰው «ይሄ መድኃኒት አልተስማማኝም» ካላችሁ፣ «በሽታው ነው የሚያናግረው» ብላችሁ አትለፉት። አብራችሁት ጤና ጣቢያ ሂዱና ራሱ ለባለሙያው ይንገር። መጠኑ ሊስተካከል፣ መድኃኒቱም ሊቀየር ይችላል።