ሐሰተኛ መረጃ የሚሮጠው በማን እግር ነው?

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚዛመት ሐሰተኛ መረጃ ሲወራ ጣት የሚቀሰረው በፈጣሪው ላይ ነው። ወሬው አገር የሚያዳርሰው ግን በተቀባዮቹ ቅብብሎሽ ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው ውጤቱን በ2018 በ«ሳይንስ» መጽሔት አሳትመዋል። ሐሰቱ ሼር የመደረግ ዕድሉ ከእውነቱ በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ስድስት እጥፍ ጊዜ ፈጅቶበታል። ቦት የሚባሉት በራሳቸው የሚሠሩ አካውንቶች ከስሌቱ ሲወጡም ልዩነቱ አልጠፋም። የሚያሯሩጠው ሰው ነው፤ ያውም በአማካይ ተከታዩ ያነሰ ሰው።

አንድ የቆየ የአደጋ ፎቶ «ዛሬ ጠዋት» የሚል ጽሑፍ ታክሎበት የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይገባል እንበል። አክስት ደንግጠው «ልጆቼ፣ ተጠንቀቁ» ብለው ለዕድሩ ግሩፕ ያሻግሩታል። እዚያ ያለው ሰው የሚያምነው ፎቶውን ሳይሆን እሳቸውን ነው። ወሬው ከማን እንደተነሳ የሚጠይቅ የለም። አክስት ክፋት የለባቸውም፤ ወሬው ጉልበት ያገኘው ግን በእሳቸው ታማኝነት ነው።

ይህ ማለት የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹ ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። በፌስቡክ ተጠቃሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2023 የታተመ ጥናት፣ ሼር ማድረግ ልማድ የሆነባቸው 15 በመቶ ተሳታፊዎች ብቻቸውን ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ሐሰተኛ ዜና እንዳጋሩ አሳይቷል። ልማዱን የሚያሳድገው በላይክና በኮሜንት የሚሸልመው አሠራር ነው። አሠራር ሲለወጥ ደግሞ ጠባይ ይለወጣል፦ ዋትስአፕ በ2020 ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ሲገድብ፣ የእነዚህ መልእክቶች ዝውውር በ70 በመቶ እንደቀነሰ ኩባንያው አስታውቋል።

ሕጉስ ማንን ይጠይቃል? የኢትዮጵያ የሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ተጠያቂ የሚያደርገው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ሁከት ሊያስነሳ የሚችል መረጃ ያሰራጨውን ነው። ላይክና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠሩም። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት የተፈጸመ እንደሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱት ይጠበቃል፤ በ24 ሰዓት ግን ወሬው ስንቱን ግሩፕ ያዳርሳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ጥቆማ እስኪደርስ አይጠብቅም፦ ግዙፎቹ ኩባንያዎች አሠራራቸው ራሱ የሚያመጣውን አደጋ መዝነው እንዲቀንሱ ያስገድዳል፤ ቅጣቱም እስከ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢያቸው 6 በመቶ ነው።